ጀልባ እንጂ ሳሎን አልገዛንም

አዲስ አበባ ጀልባ የሚንሳፈፍበት ሐይቅ የላትም። ስለዚህ ቦሌ መድኃኔዓለም የሚኖር ሰው ስለ ጀልባ ሲያማርር መስማት ለብዙው አንባቢ እንግዳ ይሆናል። ቢሾፍቱ፣ ባቱ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሄዶ በትንሽ ጀልባ የተንሸራሸረ ሁሉ ግን የምናገረውን ያውቀዋል። በሲባጎ የታሰረ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከሚኒባስ የተነቀለ መቀመጫ፣ ቱቦላሬ ላይ የተበየደ ጣሪያ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ የድምፅ ማጉያ። ሰው ይህን አይቶ ይስቃል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ከዚያም ይሳፈራል። እኔ መሳቁ ከሰለቸኝ ቆይቷል። የሚጨምር እንጂ የሚቀንስ በሌለበት ጀልባ ላይ መቀመጥም ሰልችቶኛል።

የእኛ ጀልባ ስትገዛ ምንም አልጎደላትም። በቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል አካባቢ የምንኖር ጎረቤታሞችና ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለች የፋይበር ጀልባ ገዛን። ርዝመቷ 5 ሜትር፣ ስፋቷ 2 ሜትር የማይሞላ፣ ከኋላዋ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የተገጠመላት፣ ሁለት አግዳሚ መቀመጫና አንድ መሪ ብቻ ያላት ንጹሕ ዕቃ ነበረች። ሐሳባችንም ቀላል ነበር። ቅዳሜ ወይም እሑድ በቱሉ ዲምቱ በኩል የአዳማን ፈጣን መንገድ ይዘን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተን ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ሐይቅ እንደርሳለን፤ ልጆቹን ውኃ ላይ እናዞራለን፤ ዓሣ በልተን ሳይመሽ እንመለሳለን። ለዚህ ሁሉ ጀልባዋ እንደተገዛች ትበቃ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ክረምት ሲገባ ከሐይቁ አውጥተን በተሳቢ ወደ ሰፈር ካመጣናት ወዲህ ነው። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ተነሥታ በየብስ ወደ ጣና ስትጎተት ሕዝቡ በየከተማው ወጥቶ አይቷታል። የእኛም ትንሽ ጀልባ በኮብልስቶኑ መንገድ ዳር ስትቆም ያላያት አልነበረም። ያየ ሁሉ ደግሞ ሐሳብ አለው። ባለ ጋራዡ «ይቺማ ጣሪያ ትፈልጋለች» ይላል። ኤሌትሪሻኑ «ያለ መብራት እንዴት ይሆናል?» ይላል። ለዕረፍት ከሜሪላንድ የመጣው የአንዳችን ዘመድ እዚያ ያየውን ባለ ሁለት ፎቅ ጀልባ ከስልኩ አውጥቶ ያሳያል። የግቢው ጥበቃ ዝናብ እንዳይገባባት ሸራ አልብሷት ብሎ ነበር። ከሁሉም የሚሻለው ምክር የእሱ ነበር፤ የሰማው የለም።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ዕረፍት አጣ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳምንቱን ሙሉ በሌሊት ሲነሣ የከረመ ሰው ትንሽ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ግራይንደሩ ይጀምራል። መብራት ጠፋ ስንል ጄኔሬተር ይመጣል። አራስ ያለበት ቤት አለ፣ የታመመ ሽማግሌ ያለበት ቤት አለ፤ የብየዳው ጭስ ግን በሁሉም መስኮት ይገባል። በሃያ ሰባት፣ በመድኃኔዓለም ዕለት፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶች በተሳቢውና በግንቡ መካከል ጎናቸውን አዙረው ሲያልፉ ነጠላቸው በብረቱ ጫፍ ሲያዝ አይቻለሁ። አልተቆጡም። «እናንተ ልጆች፣ መንገዱን እኮ ዘጋችሁት» ብለው አለፉ። ለመዝናኛ የተገዛ ዕቃ የሰፈርን ሰው እንዲህ ሊያስቸግር አይገባም።

በመጀመሪያ የተጨመረው ጣሪያው ነው። የባቦጋያ ፀሐይ ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ልጆች ይዞ ለሚወጣ ሰው ጥላ ያስፈልጋል። ለዚያ የሚበቃው ግን በቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ የሚወጠርና ነፋስ ሲነሣ የሚታጠፍ ሸራ ነው። እኛ ያሠራነው የቱቦላሬ ቋሚና የላሜራ ክዳን ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። 3 ሜትር በ1.8 ሜትር ሲሆን ከ40 ኪሎ ያልፋል። ቋሚው፣ አግዳሚውና ብሎኑ ሲደመርበት 70 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። አንድ ሙሉ ሰው ከሁላችንም ራስ በላይ ቀንና ሌሊት ቆሟል ማለት ነው። ይህን ስናገር «አንድ ሰው ጨምረን ስንቴ ሄደናል» ይሉኛል። የተጨመረው ሰው ግን ታች ተቀምጦ ነበር፤ ጣሪያው ላይ አልቆመም።

ጀልባን የሚገለብጠው የክብደቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ያለበት ከፍታም ነው። ታች ወለሉ ላይ ያለ ክብደት ጀልባዋ ስታዘነብል መልሶ ያቆማታል። ከላይ ያለው ግን ባዘነበለችበት በኩል ይገፋታል። ላሜራው ደግሞ ነፋስ ይይዛል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ዙሪያ ካለው ገደል አፋፍ ነፋስ ሲወርድ ጣሪያው ጀልባዋን በጎኗ ሲጎትታት መሪውን የያዘ ሰው ሁሉ በእጁ ይሰማዋል። በዚህ ላይ ጣሪያው ብቻውን አልቀረም። «ዕቃ የት እናስቀምጥ?» ተባለና ፖርቶ መጋላ ተበየደበት። ፖርቶ መጋላ ካለ መሰላል ያስፈልጋል ተባለ፤ መሰላል ተበየደ። መሰላል ካለ ደግሞ ወጣቶቹ ፎቶ ለመነሣት ይወጡበታል። ሁለት ጎረምሳ ጣሪያው ላይ ቆሞ እጁን ሲዘረጋ ታች የተቀመጠው ሰው ሁሉ የጀልባዋን ጠርዝ ጨብጦ «ኧረ ውረዱ» ሲል መስማት የዘወትር ነገር ሆኗል።

ይህ አዲስ ስሕተት አይደለም። የስዊድን ንጉሥ ያሠሩት ቫሳ የተባለ የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1628 ከስቶክሆልም ወደብ በወጣበት በመጀመሪያው ቀን፣ 1,300 ሜትር ገደማ ብቻ ተጉዞ፣ በመጠነኛ ነፋስ ጎኑ ላይ ተኝቶ ሰጠመ። ሁለት ረድፍ ከባድ መድፍና ብዙ የእንጨት ቅርጽ ከላይ ተጭኖበት፣ ከታች የሚያመዛዝነው ክብደት አንሶት ነበር። የሚያሳዝነው አስቀድሞ መታወቁ ነው። ከመነሣቱ በፊት 30 መርከበኞች በወለሉ ላይ ከጎን ወደ ጎን እየሮጡ ተፈትኖ፣ መርከቡ ክፉኛ ስለተወዛወዘ ወደቡ ላይ እንዳይገለበጥ ሙከራው ተቋረጠ። ከዚያም ያው መርከብ ተነሣ። እዚያ ሰዎቹ ንጉሡን ፈርተው ዝም አሉ። እኛን የሚያስፈራን ንጉሥ የለም፤ ዝም የምንለው ጓደኛችን ቅር እንዳይለው ነው።

ወንበሩ ቀጠለ። ሁለቱ አግዳሚዎች አይመቹም ተብሎ ከሶማሌ ተራ የሚኒባስ መቀመጫ ተገዛ። ይህ ልማድ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል ያደግን ነን። ሞተሩ አጠገብ ትንሽ አግዳሚ፣ በበሩ በኩል ተጣጣፊ መቀመጫ፣ ለአምስት ሰው በተሠራው ላይ ሰባት። መኪና ይህን ይችለው ይሆናል፤ ስፕሪንጉ ይረግባል፣ ጎማው ይበላል፣ መኪናው ግን መሬት ላይ ይቆያል። ጀልባ በተጨመረባት ሰው ልክ ወደ ውኃው ትወርዳለች፣ ጠርዟ ወደ ሞገዱ ይቀርባል። የሚኒባሱ መቀመጫ ስፖንጅ ደግሞ ውኃ ጠጥቶ አይደርቅም። በሁለተኛው እሑድ መሽተት ጀመረ፤ ከሥሩ የተነጠፈው ቺፕውድም አብጦ ተሰነጣጠቀ። ይህን ሁሉ እሺ ልበል፤ ሊነቀል ይችላል።

እሺ የማልለው ከአግዳሚዎቹ ሥር የተደረገውን ነው። የፋብሪካው አግዳሚ ውስጡ ባዶ አልነበረም፤ በደረቅ አረፋ ተሞልቶ የታሸገ ነበር። ይህ አረፋ ለመቀመጫ ልስላሴ አልተቀመጠም። ጀልባዋ ውኃ ብትሞላ ወይም ብትገለበጥ እንኳ እንዳትሰጥምና ሰው የሚይዘው ነገር እንዲኖረው የተቀመጠ ነው። 100 ሊትር ቦታ የሚይዝ እንዲህ ያለ አረፋ ራሱን ሳይጨምር ከ95 ኪሎ በላይ ያነሣል። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው አግዳሚውን በግራይንደር ከፈተ፣ አረፋውን በቢላ እየቆራረጠ አወጣ፣ በቦታው ለስላሳና በረዶ የሚቀመጥበት ሣጥን ሠራ። የወጣውን አረፋ ልጆች ሰፈር ውስጥ ሲጫወቱበት ዋሉ። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም አጨበጨበ፤ በእርግጥም ክዳኑ ልክክ ብሎ የሚዘጋ፣ በደንብ የተሠራ ሣጥን ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ሰውየው በቅንነት ነው የሠራው፤ እጁም ጎበዝ ነው። ከጀልባዋ ላይ የቆረጠው ግን ያለ እሱ መውጣት የሌለብንን ነገር ነው።

ባቦጋያ ምን እንደሆነ ልብ ብንል ይህን አናደርግም ነበር። የቢሾፍቱ ሐይቆች አብዛኞቹ የጥንት እሳተ ገሞራ አፎች ናቸው። ዳር ላይ እንደ ላንጋኖ ቀስ እያሉ አይጠልቁም፤ ጥቂት ሜትር እንደሄድክ መሬቱ ከሥርህ ይጠፋል። ባቦጋያ ከ60 ሜትር በላይ፣ ራሱ የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከመካከላችን ዋና የሚችለው ጥቂት ነው። ላይፍ ጃኬቱም ለሁሉም አይዳረስም፤ ያለውም ቢሆን ሙቀት ነው እየተባለ ለመቀመጫ ትራስ ይሆናል።

አረፋው መውጣቱን ደጋግሜ ሳነሣ የተሰጠኝ መልስ ጀሪካን ነው። ባዶ ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች በግራና በቀኝ ጠርዝ ላይ በሽቦ ተደርድረው ታሰሩ። ሐይቁ ዳር የነበረ ሰው ሁሉ በሣቅ ፈነዳ፤ ልጆች «ዘይት አለ?» እያሉ ጮኹ። እኔ ያልሳቅሁት ሒሳቡን ስለማውቅ ነው። ክዳኑ የጠበቀ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ በሙሉ ሲጠልቅ ወደ 19 ኪሎ ያነሣል፤ ይህ ቀላል አይደለም። የእኛዎቹ ግን ከውኃው በላይ ስለተንጠለጠሉ ጀልባዋ እስክታዘነብል ድረስ ምንም አያነሡም። ስትፈጥን ሞገዱ ይመታቸዋል፣ ውኃውን ወደ ውስጥ ይረጩታል፣ ሽቦውም የፋይበሩን ጠርዝ እየበላው ነው። ክዳናቸውም ፀሐይ ሲያገኘው ይላላል። ጀሪካኖቹ ውስጥ፣ ከወለሉ ሥር፣ አረፋው በነበረበት ቦታ ጠበቅ ተደርገው ቢታሰሩ ኖሮ እኔም አብሬ ሽቦ አጠብቅ ነበር። እዚያ ግን ለስላሳው አለ።

የጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ላይ ፋብሪካው የለጠፋት ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። ስንት ሰው፣ ስንት ኪሎ፣ እስከ ስንት የፈረስ ጉልበት እንደምትችል የሚናገረው እሷ ናት። ስድስት ሰው ትላለች። ሰሌዳ የሌላት ትንሽ ጀልባ እንኳ ብትሆን መገመቻ አለ፤ ርዝመቷን በስፋቷ በሜትር አባዝቶ ለ1.4 ማካፈል ነው፣ ለእኛም ከስድስት እስከ ሰባት ይመጣል። ዛሬ ያ ሰሌዳ አይታይም። በመጀመሪያ በቀለም ተነካ፤ ቀጥሎ «መድኃኔዓለም ጠባቂያችን ነው» የሚል ትልቅ ተለጣፊ ተለጠፈበት። ቃሉን ከልቤ አምናለሁ፤ በቤቴም በር ላይ ተለጥፏል። ለጀልባዋ የሚሆን ሌላ ሰፊ ቦታ ሞልቶ ሳለ ግን የሰው ቁጥር ላይ መለጠፉ ልቤን ይከፋዋል። በተለጣፊው ፊት ከአሥር ሰው በላይ ተሳፍሮ አይቻለሁ።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልልም፤ ብዙ ሰው ግን ይህን ቢያውቀው ገንዘቡ ይተርፍለታል። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚያ ሲደርስ ወደ 32 ይወርዳል። ሞተሩ አልታመመም፤ ተራራ ላይ ነው ያለው። የሚያስፈልገው ለዚህ ከፍታ የሚስማማ፣ በአንድ ዙር አጭር የሚገፋ ፕሮፔለርና የካርቡራተሩን ቤንዚን መቀነስ ነው። መካኒካችን ያደረገው ተቃራኒውን ነው፤ «ቤንዚን አንሶት ነው» ብሎ የካርቡራተሩን ቀዳዳ አሰፋው። ጭሱ ጨመረ፣ ካንዴላው ጠቆረ፣ ሐይቁ ላይ የዘይት ቆዳ ታየ። ከዚያ ቦሌ ላይ፣ ከቢሾፍቱም ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር፣ በርሜል ውስጥ ተነክሮ ተሞከረ፤ በርሜሉ ሲጎድል ሳይታይ ቀረና የሚያቀዘቅዘው ውኃ ስለተቋረጠ የፓምፑ ጎማ ተቃጠለ። ለጥገናው ሁላችንም አዋጣን።

መብራቱና ድምፁ የመጣው «ማታም እንዝናናለን» ከተባለ በኋላ ነው። የመኪና ዲኮር ቤት ያለው ሁሉ ጀልባዋ ላይ አለ። ሰማያዊና ሐምራዊ የሚለዋወጥ ተለጣፊ መብራት፣ ከወንበር ሥር የተደበቀ ማጉያ፣ ኢንቨርተር፣ የአይሱዙ ጡሩምባ። ሽቦው በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይበንም፣ ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል። ማብሪያ ማጥፊያው ደግሞ የተገጠመው ወለሉ አጠገብ ነው። አንዲት ብልጭታ ምን እንደምታደርግ ለማንም አልነግርም፤ ሁሉም ያውቃል። «ውኃ ውስጥ የሚያበራ» ተብሎ ከውኃው መስመር በታች በትራፓኖ የተበሳው ቀዳዳ የታሸገው በመታጠቢያ ቤት ሲልከን ነው። ያም ለቋል። አሁን በሄድን ቁጥር አንድ ሰው ጣሳ ይዞ ውኃ ይቀዳል፣ ይህም እንደ ተራ ነገር ተቆጥሯል።

ጡሩምባው ሌላ እሮሮ ነው። ሐይቁ የእኛ ብቻ አይደለም። ዓሣ አጥማጁ ከሌሊት ጀምሮ መረቡን ዘርግቶ ቆይቷል፤ ዳር ላይ ጸጥታ ፈልጎ የመጣ ሰው አለ፤ ወፎቹ አሉ። የገደሉ ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ በሐይቁ ሁሉ ያዞረዋል። ቦሌ ላይ ከየመጠጥ ቤቱ የሚወጣውን ጩኸት ሸሽተን ሄደን፣ ጩኸቱን ይዘነው ሄድን።

ስለ ቡናው ስናገር አንዳንዱ ይቀየመኛል። ቡና እወዳለሁ፤ ውኃ ዳር የተፈላ ቡና ደግሞ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ነገር ግን ከፊት ለፊት ረከቦት የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ቦታ ተሠርቶ፣ ከሰል የተቀጣጠለበት ምድጃ ከቤንዚን ጋኑ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሲቀመጥ፣ ጀልባዋም ስትወዛወዝ፣ ያ ቡና አይጥመኝም። የፋይበር ጀልባ ከተቀጣጠለች የምትሸሽበት ቦታ ውኃው ብቻ ነው። ዳር ወርደን እናፍላ ማለት ይህን ያህል ምን ይከብዳል?

ይህን ስል የእጅ ሥራን እየናቅሁ አይደለም። ምናለሽ ተራ ሄዶ ከወደቀ ብረትና ከበርሜል ቆርቆሮ ምን እንደሚወጣ ያየ ሰው ሊንቅ አይችልም። ይህች ከተማ በሚጠግኑ እጆች ነው የምትኖረው። መለዋወጫ በሌለበት፣ ቢኖርም በማይቀመስ ዋጋ፣ አሮጌ መኪና ለሠላሳና ለአርባ ዓመት እንዲሄድ ያደረጉት እነሱ ናቸው። ቪትዝን ለጉድጓዳማ መንገድ ከፍ የሚያደርጋትም ባለሙያ የእውነት ችግር ፈትቷል። የኔ ቅሬታ ችግር ሳይኖር ስለሚፈታው ነው። ጥገና የጎደለውን ይሞላል። ጀልባችን ላይ የተደረገው ግን ምንም ባልጎደላት ነገር ላይ የእያንዳንዳችንን ምኞት መጫን ነው፣ ምኞት ደግሞ ኪሎ አለው።

የውኃ ላይ ጥበብ በአገራችን ሳይኖር ቀርቶም አይደለም። በጣና የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩትን ታንኳ ያየ ይመስክር። ብረት የለበትም፣ ምስማር የለበትም። ቀዛፊው ከፍ ባለ የደንገል ነዶ ላይ ይቀመጣል፤ ነዶው እንዳይረጥብ ይረዳዋል፣ እሱም ይንሳፈፋል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ተጭኖበት ይሄዳል። ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ደርቆ ይመለሳል። እዚያ ላይ ያለ ነገር ሁሉ አንድ ሥራ አለው።

ጨምሮ የሞከረም ነበር። በ1858 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በጣና ላይ ከደንገል የተሠሩ ትላልቅ ጀልባዎችን አሠርተው፣ በመቅዘፊያ ፈንታ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር እንዳስገጠሙባቸው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። እኔ ይህን ባነበብሁ ቁጥር አከብራቸዋለሁ። መንኮራኩሩ የተጨመረው ጀልባው እንዲሄድ ነው፤ የተጠየቀው ጥያቄ የጀልባ ጥያቄ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና የተወሰደ ደንገል ግብፅ አድርሶ፣ ከቻድ በመጡ ጀልባ ሠሪዎች ራ የተባለችውን ጀልባ አሠርቶ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ተነሣ። በጥንታዊው የግብፅ ሥዕል ላይ ከጀልባው ጭራ ጫፍ ወደ ወለሉ የተወጠረች አንዲት ገመድ ትታያለች። ጥቅሟ በደንብ ስላልታወቀ ተተወች። ጭራው ቀስ በቀስ ውኃ ውስጥ ገባ፣ ሺዎች ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላ ሰዎቹ ጀልባዋን ጥለው ለመውጣት ተገደዱ። በዓመቱ ራ ሁለት በተሻለ አሠራር ተሠርታ ባርቤዶስ ደረሰች። አንዲት ገመድ ጥቅሟ ሳይታወቅ ስለቀረች ይህ ከሆነ፣ እኛ ጥቅሙን ሳንጠይቅ ያወጣነው አረፋ ሌሊት እንቅልፍ ቢነሣኝ ማንም ሊገርመው አይገባም።

አገር ውስጥ ጀልባ የሚመዘግብና የሚቆጣጠር አካል አለ፤ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ሥራው አንዱ ይህ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠብቀው ከባለሥልጣን ሳይሆን ከእኛው ከባለቤቶቹ ነው። ከአዲስ ጭማሪ በፊት ጀልባዋ ዳር ላይ፣ ወገብ በማይደርስ ውኃ፣ ሙሉ ሰው ጭና ትቁምና ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ አንድ ጎን ይሂድ። ጠርዟ ወደ ውኃው ምን ያህል እንደሚቀርብ ሁላችንም በዓይናችን እንይ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፣ ብየዳም አይፈልግም። ሐሳቡን ሳቀርብ «አንተ ደግሞ ሁሌ መርዶ» አሉኝ፤ ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ብቻ «ልጁ እውነቱን ነው፣ ይሞከር» አሉ። እስካሁን አልተሞከረም።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ መዋጮ ተጠይቄአለሁ። ከጣሪያው ወደ ውኃው ልጆች የሚንሸራተቱበት ተንሸራታች ሊገጠም ነው። ከአንድ መዋዕለ ሕፃናት አሮጌ ተገኝቷል፣ ቀለምም ተመርጦለታል። ለዚህ ሳንቲም አላዋጣም ብያለሁ። ለአረፋው፣ ላሜራውን ለሚያወርደው ሰው፣ የተበሳውን በፋይበር በአግባቡ ለሚደፍነው፣ ለሁሉም ሰው ለሚዳረስ ላይፍ ጃኬት ግን ድርሻዬን ሳይሆን እጥፉን እከፍላለሁ። ተለጣፊውም ከሰሌዳው ላይ ይነሣና የሰው ቁጥር ይነበብ። ይህ እስኪሆን ድረስ ልጆቼ ጀልባዋ ላይ አይወጡም፤ የማንንም ልጅ ሲያሳፍሩ ካየሁም ወላጆቹን ጠርቼ እነግራቸዋለሁ።